ሊብሬው የማን፣ ክፉው ወር የማን?

ሀዋሳ ውስጥ ተቀጥሮ አይሱዙ የሚነዳ ሰው ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ከደላላ ወይም ከራሱ ከአሠሪው አንድ ዓይነት ሐሳብ መስማቱ አይቀርም። «መኪናው ይሸጣል። ያለህን ቅድሚያ ስጥ፤ ቀሪውን እየሠራህ በየወሩ ትከፍላለህ። ለሰው ከምትደክም ለራስህ ድከም።» ሾፌሩ ካመነታ ደግሞ ማሳረጊያዋ ትከተላለች፤ «ምን ያስፈራሃል? መኪናው ራሱን ይከፍላል እኮ!»

መኪና ራሱን የሚከፍለው ጭኖ ሲሄድ ነው። ጋራዥ ሲገባ፣ ጭነት ጠፍቶ ሲሰለፍ፣ መንገድ ሲዘጋ የሚከፍለው ሰውዬው ነው። በክፍያ የሚገዛ የጭነት መኪና ውል ስንት ገጽ ቢኖረው በመጨረሻ የሚወስነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ክፍያው እስኪያልቅ ሊብሬው በማን ስም እንደሚቆይ፣ እና መኪናው የቆመበትን ወር ማን እንደሚሸከም። በእኔ ግምት ሁለተኛው ይከብዳል። ሰዎች ግን የሚከራከሩት በወርሃዊው ክፍያ ላይ ነው።

ሐሳቡ ሀዋሳ ላይ የሚያማልለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ከአለታ ወንዶና ከዲላ በኩል ቡና፣ ከሲዳማ ገጠር አቮካዶ፣ ከከተማዋ ፋብሪካዎች ቢራ፣ ለስላሳና ጨርቃ ጨርቅ ይወጣል፤ ሲሚንቶ፣ ብረትና ሸቀጥ ይገባል። ከሐምሌ 2008 ጀምሮ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፤ ኮንቴነሩ በሞጆ አድርጎ ጂቡቲ ይወርዳል። በየቀኑ ይህን ሁሉ ጭነት የሚያይ ሾፌር «ሥራ ሞልቷል፣ የጎደለኝ መኪና ነው» ቢል አይፈረድበትም።

መኪናው የሚገኝበት መንገድ ግን ከድሮም ጠባብ ነው። በደርግ ዘመን የግል ጭነት መኪና በቀጠና ተመድቦ፣ ተራ ይዞ፣ መንግሥት በተመነው ታሪፍ ይጭን ነበር። በ1984 ዓ.ም. ገበያው ሲለቀቅ ዋጋው በተጫራቾች፣ ጭነቱ በማኅበራትና በደላሎች እጅ ገባ። ዛሬ የኮድ 3 ታርጋ ያለው ሰው በማኅበር ወይም በኩባንያ ሥር ገብቶ መሥራት ይችላል። በሩ ክፍት ነው፤ ቁልፉ መኪናው ነው፤ የመኪናው ዋጋ ደግሞ በደመወዝ አይታሰብም።

ሕግ አውጪው ችግሩን አላየም ማለት አይቻልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በየጊዜው እየተከፈለ ስለሚፈጸም ሽያጭም፣ በኪራይ ተጀምሮ በባለቤትነት ስለሚያልቅ ውልም ይናገራል። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ የካፒታል ዕቃ ኪራይ ንግድ አዋጅ ቁጥር 103 ወጣ። አዋጁ በዱቤ ግዢ ዕቃ የሚወስድ ሰው በከፈለ ቁጥር የዚያኑ ያህል የባለቤትነት ድርሻ እየተላለፈለት በመጨረሻው ክፍያ ሙሉ ባለቤት የሚሆንበትን መንገድ አስቀመጠ። ላልተከፈለው አከራይም አሰበለት፤ አስጠንቅቆ ዕቃውን መልሶ መውሰድ ይችላል። በወረቀት ላይ ለሾፌር የተሰፋ ልብስ ይመስላል።

ከ2005ቱ ማሻሻያ በኋላ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ አዲስ፣ ኦሮሚያ፣ ዋልያ፣ ካዛ እያሉ። የደቡቡ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው እዚሁ ሀዋሳ ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ተበዳሪው 20 በመቶ ሲያዋጣ ቀሪውን 80 በመቶ የሚሸፍን የሊዝ አገልግሎት ጀመረ። ሁሉም ግን ዓይናቸውን የጣሉት በማምረቻ ላይ ነው፤ የእንጨት ማሽን፣ ወፍጮ፣ የልብስ ስፌት፣ የእርሻ መሣሪያ። ሐሳባቸው ይገባል። የተተከለ ማሽን የትም አይሄድም፤ መኪና ማታ ሀዋሳ አድሮ ጠዋት ሞያሌ ሊገኝ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው የውጭ አከራይ ኢትዮ ሊዝም በውጭ ምንዛሪ ጣጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘግቶ ወጣ።

ባንክስ? ባንክ ለመኪና ያበድራል፤ ግን ጠቀም ያለ መዋጮ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ከመኪናው ሌላ ቤት በመያዣ ይጠይቃል። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ከገደበ ወዲህ ያችው ጠባብ በር ይበልጥ ጠበበች። ገደቡ በኋላ ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 24 በመቶ ከፍ ቢልም ተራው መጀመሪያ የሚደርሰው ለትልልቆቹ ደንበኞች ነው። ወለድ አልባ ባንኮች በሙራባሃ መኪና ገዝተው ትርፍ ጨምረው ይሸጣሉ፤ መዋጮና መያዣ ግን እዚያም አይቀርም።

ስለዚህ ሾፌሩ ዞሮ ዞሮ ከግለሰብ ጋር ወደሚደረግ ውል ይመጣል። ልማዱ ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። የሀዋሳ ባጃጅ ሾፌር ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስገባል፤ ገቢውን ከፍ አድርጎ ባጃጁን የራሱ እስኪያደርግ የሚከፍልም አለ። የጭነት መኪናው ውል የዚያ ታላቅ ወንድም ነው። ልዩነቱ ባጃጅ ላይ የጠፋ ገንዘብ በዓመት ይተካል፤ አይሱዙ ላይ የጠፋ ግን የዕድሜ ቁጠባ፣ የሚስት ወርቅና የወንድም ዕቁብ ነው።

ወረቀቱ

የተለመደው አሠራር ይህ ነው። ሻጭና ገዢ ውል ይጽፋሉ፤ ሊብሬው በሻጭ ስም ይቆያል፤ ገዢው እንዲነዳ፣ ቦሎ እንዲያወጣ፣ ግብር እንዲከፍል፣ ክፍያው ሲያልቅም ወደ ራሱ ስም እንዲያዞር ሻጩ ውክልና ይሰጠዋል። ውክልናው ሰነዶች ማረጋገጫ ተፈርሞ ማኅተም ሲያርፍበት ገዢው መኪናውን ያገኘ ያህል ይሰማዋል።

ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ከዚያም የከፋ አለ፦ በሕጋችን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ውክልና ከወካዩ ሞት ጋር ይቋረጣል። ሃያ ስድስተኛውን ወር የከፈለ ሰው ሻጩ በድንገት ሲያርፍ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ በእጁ ያለው ወረቀት የማይሠራ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ የሚነጋገረው ስለ ውሉ ሰምተው ከማያውቁ ወራሾች ጋር ነው። ከውክልናው ሌላ በምስክር የተፈረመ፣ የተከፈለውን እያንዳንዱን ብር በባንክ ደረሰኝ የሚያሳይ የሽያጭ ውል ካለው ፍርድ ቤት ሄዶ ይከራከራል። ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ፣ «እንተማመናለን» እያለ የሰጠ ሰው ግን ምን ይዞ ይቆማል?

የትዳር ጓደኛም አለች። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ የአንድ ጎማ ካላማዳሪያ አይገዛም፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው። ባል ብቻውን የፈረመበትን ሽያጭ ሚስት ልታፈርሰው ትችላለች። ሻጩ «እሷ ታውቃለች» ሲል መልሱ «እንኳን አወቀች፣ መጥታ ትፈርም» ነው።

ለሻጩም ፍትሐዊ እንሁን፤ እሱም የሚያስፈራው ነገር አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ እሱ ባይነዳም፣ ባያጠፋም። ገዢው ጥቁር ውኃ ጋ ሰው ቢገጭ ክሱ የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። የ2005ቱ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አዋጅ ያስገደደው ዋስትና ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው በላይ ያለው ዕዳ የባለቤቱ ነው። እንግዲህ በስሙ መኪና ይዞ መቆየቱ ለሻጩ መያዣም ሸክምም ነው። ይህን የተረዳ ገዢ ለመደራደር ይመቸዋል፤ «ስሙን አሁን አዙርልኝ፣ መኪናው ለቀሪው ዕዳ በመያዣነት ይታገድልህ» ቢል ሻጩም ይጠቀማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 እንዲህ ላለው መያዣ መመዝገቢያ አበጅቷል። የሚገርመው ብዙ ሰው ስለ መዝገቡ አለመስማቱ ነው። ደላላው ቢሰማም አያወራውም፤ ውሉ በቀጠሮ ከራቀ ኮሚሽኑ ይዘገያል።

ሒሳቡ

እዚህ ላይ ቁጥር ካልተጻፈ ወሬው ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። በእጅ በእጅ 4 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ያገለገለ ኤፍኤስአር አይሱዙ አለ እንበል። ገዢው 1 ሚሊዮን ይሰጣል፤ ቀሪውን በ36 ወር፣ በየወሩ 125 ሺህ ይከፍላል። ተደምሮ 5.5 ሚሊዮን ይመጣል። ደላላው «በሦስት ዓመት 1.5 ሚሊዮን ትርፍ ነው፤ ከ3 ሚሊዮኑ በዓመት 17 ከመቶ እንኳን አይሞላም፣ ከባንክ ምን ለየው?» ይላል። ለየው። ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ሳለ ትርፉ የሚሰላው 3 ሚሊዮኑ እስከ መጨረሻው እንዳለ ተቆጥሮ ነው። ባንክ በሚያሰላበት መንገድ ሲሰላ ወለዱ በዓመት ከ28 በመቶ ያልፋል። ዋጋው ውድ ነው ለማለት ብቻ አይደለም፤ ሌላ በር ለሌለው ሰው 28 በመቶም አማራጭ ሊሆን ይችላል። ግን ስንት እንደሚከፍል አውቆ ይፈርም።

አሁን መኪናውን እናስነሳው። ሀዋሳ–አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 550 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር አራት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል 137 ሊትር ተኩል ናፍታ ይፈልጋል። ሐምሌ 2014 ላይ፣ የነዳጅ ድጎማው ማሻሻያ ሲጀመር፣ ናፍታ አዲስ አበባ ላይ በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር፤ ጉዞው 6,740 ብር ይፈጃል። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሲገባ ያው ጉዞ 13,610 ብር ሆነ። ያውም ማደያ ተሰልፎ ለቀዳ ነው፤ ወረፋው ሲበዛ በጀሪካን ከመንገድ ዳር የሚገዛውን አንቆጥርም።

ከናፍታ፣ ከረዳት አበል፣ ከጫኝና አውራጅ፣ ከኮቴ፣ ከማኅበርና ከደላላ ኮሚሽን በኋላ በአንድ ደርሶ መልስ 15 ሺህ ብር ተረፈ እንበል። 125 ሺህ ለመሙላት ዘጠኝ ምልልስ ያስፈልጋል። ጭነት ፍለጋው፣ ማራገፉና ወረፋው ተደምሮ አንድ ምልልስ ሦስት ቀን ቢወስድ በወር አሥር ይሆናል። ዘጠኙ የሻጩ፣ አንዱ የቤተሰቡ ነው ማለት ነው። ከዚያች ከአንዷ ላይ ጎማ፣ ዘይት፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኢንሹራንስና ግብር ይወጣሉ። የመኪናውን ሞተር የሚያስከፍት ብልሽት ሲመጣ የሁለት ወር ክፍያ ከነ ወራቱ ይሄዳል። ናፍታ ጨምሮ የኩንታል ዋጋው ሳይጨምር ቢቀር፣ ከ15 ሺው 7 ሺው ተቀንሶ 8 ሺህ ቢቀር፣ የሚያስፈልገው ምልልስ አሥራ ስድስት ይሆናል፤ በወር ውስጥ ግን ያን ያህል ቀን የለም።

ሾፌሮች በዚህ ጊዜ የሚያደርጉትን ሁሉም ያውቀዋል። ሌሊት ይነዳሉ፤ ከልክ በላይ ይጭናሉ፤ እንቅልፍ በጫት ይገፋሉ። ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» የተባለው በብረቱ ክፋት አይደለም። ፖሊስ የሾፌሩን ፍጥነት ይመዘግባል፤ ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን ከሻጩ የሚጠብቀውን ስልክ የሚመዘግብ የለም።

ሌላም ያልተጠበቀ አቅጣጫ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ዘለለ፤ በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። የመኪና፣ የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ ተከትሎት ሄደ። ከዚያ በፊት በቋሚ ብር የተዋዋለ ገዢ በአንድ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ክፍያው ባለበት ሲቆም ንብረቱ ተወደደለት። ሻጩ ግን በርካሽ የሸጠ መሰለው። ሊብሬው በስሙ ያለ፣ የመኪናው ዋጋ በእጥፍ የተሰቀለበት ሰው «ሦስት ቀን ዘግይተሃል፣ ውሉ ፈርሷል» የሚልበት ሰበብ ቢፈልግ ምን ይገርማል? ገዢዎች የሚፈሩት መክፈል ያቃታቸውን ቀን ነው። አደጋው ግን መክፈል በቻሉበት፣ ንብረቱ በተወደደበት ቀንም ይመጣል።

ጭነቱ

ሀዋሳ ጭነት እንደሚነጥፍ በቅርብ አይታለች። ኅዳር 2014 ላይ የፓርኩ አንጋፋ የሆነው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ወጣች። የፓርኩን ዕቃ ታምኖ በክፍያ መኪና የገዛ ሰው ካለ ውሉ ላይ «አጎዋ» የሚል ቃል እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። ከዚያ በፊት ሐምሌ 11 ቀን 2011 የሲዳማ ክልልነት ጥያቄ የጊዜ ገደብ ባበቃበት ቀን ከተማዋና ዙሪያዋ ተናውጠው መንገዱ ተዘጋ። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ሻሸመኔ ነደደች። የሀዋሳ መኪና ወደ አዲስ አበባ በሻሸመኔ ነው የሚያልፈው።

እዚህ ላይ ኢንሹራንሱን ገልጦ ማየት ነው። የተለመደው ሙሉ ዋስትና በሕዝብ ሁከትና በፖለቲካ ግጭት የደረሰ ቃጠሎን አይሸፍንም፤ ለብቻው ተጨምሮ የሚገዛ ሽፋን ነው። ሁለተኛ፣ መኪናው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረ ዋጋ ዋስትና ከገባ ካሣው በዚያው መጠን ይቀነሳል። ሦስተኛ፣ ቼኩ የሚወጣው በማን ስም ነው? ፖሊሲው በሻጩ ስም ከሆነና መኪናው ገደል ከገባ ካሣውን የሚቀበለው እሱ ነው፤ ገዢው የከፈለውን ድርሻ የሚያስመልሰው ውሉ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው።

ወደ ውጭ አገር ስንወጣ ነገሩ መልኩን ለውጦ ያጋጥመናል። አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ እነሱም የሚያውቁት አንድ ውል አለ፦ ጭነት የሚሰጠው ኩባንያ ራሱ መኪናውን ያከራያል፣ ኪራዩን ከጭነቱ ሒሳብ ላይ ቆርጦ ያስቀራል፣ በመጨረሻ መኪናው የሾፌሩ ይሆናል። በእጃቸው የሚደርሰው ሳምንታዊ ሒሳብ አንዳንዴ ዜሮ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወደቦች ሾፌሮች እንዴት በዚህ ዕዳ እንደተያዙ፣ ሲታመሙ ወይም ሲባረሩ መኪናውንም የከፈሉትንም እንዳጡ በተከታታይ ዘግቧል። የመነሻው ምክንያት የሚገርም ነው፤ ወደቦቹ አየር የሚበክሉ አሮጌ መኪኖችን ሲከለክሉ ኩባንያዎቹ አዲስ ገዝተው ዋጋውን ሾፌሩ ላይ ጫኑት። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመው የፌዴራል ግብረ ኃይል እንዲህ ያለው ውል ጨርሶ እንዲታገድ ለአሜሪካ ምክር ቤት ሐሳብ አቀረበ።

ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ አንድ ነው። መኪናውን የሸጠህና ጭነቱን የሚሰጥህ አንድ ሰው ከሆነ፣ ክፍያ የምትሞላበትን ሥራ ማስቆም የሚችለው ራሱ ገንዘብ ጠያቂው ነው። ሀዋሳም ላይ ነጋዴ ለሾፌሩ መኪና በክፍያ ሰጥቶ «የእኔን ቡና ብቻ ጫን» ማለቱ አይቀርም። በመጀመሪያው ዓመት ዋስትና ይመስላል፤ የኩንታሉን ዋጋ እሱ ሲተምን ግን ሌላ ነው።

የሚደራደር ሰው ዋጋ ከማስቀነስ ይልቅ ክፍያው የሚመጣበትን ጊዜ ቢያስተካክል ይሻለዋል። የቡና ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ጭነቱ ይደምቃል፤ ክረምት ይቀዘቅዛል። ዓመቱን ሙሉ 125 ሺህ ከመክፈል በደማቁ ወቅት ከፍ፣ በክረምቱ ዝቅ ያለ ክፍያ ሻጩን ሳይጎዳ ገዢውን ያተርፈዋል። በዓመት ሁለት ወር ያለ ቅጣት የሚዘለል ክፍያ፣ የዘለለው ወደ መጨረሻ የሚዛወርበት፣ መንገድ በመንግሥት ወይም በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ቀን የሚቆጠርበት አንቀጽ፣ ውሉ ቢፈርስ ገዢው ከከፈለው ላይ ምን ያህል እንደሚመለስለት በቁጥር የሚናገር ሌላ አንቀጽ። ሻጩ እነዚህን እምቢ ካለ 200 ሺህ ብር ቢቀንስም ውሉ ውድ ነው። ከተቀበለ 200 ሺህ ቢጨምርም ልቀበለው እችላለሁ ባይ ነኝ።

ሁለት ወይም ሦስት ሾፌሮች በዕቁብ ተጋግዘው አንድ መኪና በእጅ በእጅ የሚገዙበት መንገድም አለ፤ ቀርፋፋ ነው፣ ጠብም አይጠፋውም፣ ወለድ ግን የለበትም። የከተማዋ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ መሥሪያ ቤት የአዋጁን የዱቤ ግዢ በማኅበር ለተደራጁ ሾፌሮች መኪና ቢያውለው የብዙ ሰው ውክልና ከደላላ ቦርሳ ይወጣ ነበር። እስከዚያ ድረስ ቀብድ ከመስጠት በፊት የሚሄዱበት ቦታ የመኪናው ፋይል ያለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ ታርጋው የአዲስ አበባ ከሆነ አዲስ አበባ፣ የኦሮሚያ ከሆነ ያለበት ከተማ ድረስ። ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ ይጠየቃል፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፤ የሻጩ የጋብቻ ሁኔታ ይጣራል። ደላላው «እኔ አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው» ካለ የአውቶቡስ ትኬቱን እሱ ይቁረጥና አብሮ ይሂድ።